በግ ስለ ሰው አንጎል የሚመሰክረው

ብግነት ሰውነት ጉዳትንና ባዕድ ነገርን የሚመክትበት ሥራ ነው። እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል፤ በሳምንቱ ይሽራል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ዙሪያውን አጥንት ስለዘጋው ለማበጥ ስፍራ የለም፤ የሞተ የነርቭ ሕዋስም አብዛኛውን ጊዜ አይተካም። በአልዛይመር፣ በፓርኪንሰን፣ በመልቲፕል ስክለሮሲስ፣ እንዲሁም ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን እየገደለ ሰውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አልጋ ላይ በሚያውለው ኤ.ኤል.ኤስ. የሞቱ ሰዎች አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ ከጠፉት ነርቮች ጎን የተቆጡ ሕዋሳት ተሰብስበው ይገኛሉ። ከእነዚህ ዋነኞቹን ስፔናዊው ሐኪም ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ከሌሎቹ ለይቶ ማይክሮግሊያ አላቸው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ማይክሮግሊያዎች የሞተውን ይጠርጋሉ፣ ባዕዱን ይውጣሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ ጤነኛውን ጭምር ሊጎዱ የሚችሉ ኬሚካሎች ያመነጫሉ።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ለመጠየቅ ቀላል ነው። ሕዋሳቱ የመጡት ነርቩ ስለሞተ ነው ወይስ ነርቩ የሞተው እነርሱ ስለመጡ? የሬሳ ምርመራ ይህን አይመልስም። ሬሳ የነገሩን ፍጻሜ እንጂ ቅደም ተከተሉን አያሳይም፤ የሕያው ሰው አንጎልም በየወሩ እየተቆረጠ አይታይም። ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ የሚለውን ለማወቅ በሽታው ገና ሳይጀምር አንሥቶ የሚከታተሉት፣ በተፈለገውም ቀን ተከፍቶ የሚታይ አካል ያስፈልጋል። እንስሳ ወደ ቤተ ሙከራ የተጠራው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የሙከራ እንስሳ ምስክር ነው ማለት ይቻላል፤ ያውም በሌላ ሰው ጉዳይ የቆመ ምስክር። ምስክርነቱ የሚያዘው ሰውነቱ ከሰው ሰውነት ጋር ስለሚዛመድ ነው። ዝምድናው የራቀ ከሆነ የሚናገረው ለሰው አይጠቅምም። የቀረበ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል፤ በሕመም የሚመስለን በስቃይም ይመስለናል። መመሳሰሉ በጨመረ ቁጥር ምስክርነቱ ይታመናል፣ ምስክሩን ለማሠቃየት የሚቀርበው ሰበብ ግን ይሳሳል። በእንስሳ ላይ ስለሚደረግ ምርምር የሚጻፈው አብዛኛው ክርክር ይህን አያዎ በአንድ ወገን ብቻ ይዞ ይሮጣል። አንዱ ስለ ጥቅሙ፣ ሌላው ስለ ጭካኔው ይናገራል። ምስክሩ በእርግጥ ምን እንደተናገረ የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመንዝና ከቀየት እስከ ግሼና መርሐቤቴ ባለው አገር፣ ይህን ለማዳመጥ የሚረዱ የሩቅ የማይመስሉ ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው የበግ ነው።

የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ሱፉ ሻካራ፣ ላቱ ወፍራምና ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። ውርጭ ገብስን በሚመታበት ደጋ በግ የእጅ ገንዘብ ነው፤ ባናና ዝተት የሚሠራው ከሱፉ ነው፤ የፋሲካ ቀን ደግሞ የማይቀር ነው። ይህ በግ ስለ አንጎል ብግነት በሚነገረው የሳይንስ ታሪክ ውስጥ የሚገባው ግን እጅግ ሩቅ በሆነ ሌላ የብርድ አገር፣ በአይስላንድ በኩል ነው።

በ1933 የአይስላንድ መንግሥት በጎቹን ለማሻሻል ከጀርመኗ ሃለ ከተማ 20 የካራኩል በጎች አስገባ። በጎቹ ጤነኞች ይመስሉ ነበር፤ ለየአካባቢውም ተከፋፈሉ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ገበሬዎች እንግዳ ነገር ያዩ ጀመር። መንጋ ሲነዳ ወደ ኋላ የሚቀሩ፣ ትንሽ ሲራመዱ የሚያለከልኩ በጎች በዙ። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ሳንባው ደህና ሆኖ የኋላ እግር ይልፈሰፈሳል፣ ከንፈር ይንቀጠቀጣል፣ በጉ ከስቶ በመጨረሻ መነሣት ያቅተዋል። የሳንባው መልክ ማዲ፣ የነርቩ መልክ ቪስና ተባለ። ሁለቱም የአንድ ቫይረስ ሥራ መሆናቸው የታወቀው ዘግይቶ ነው። አይስላንድ በሽታውን ያጠፋችው በመድኃኒት አልነበረም፤ በተበከሉት ወረዳዎች ያለውን በግ በሙሉ እያረደች፣ በሽታው ካልደረሰበት አካባቢ ንጹሕ በግ እያመጣች እየተካች ነው። ሥራው እስከ 1965 ድረስ ፈጀ፤ የታረደውም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው።

ከሬይኪያቪክ አጠገብ ባለው የኬልዱር ተቋም ይሠራ የነበረው ሐኪም ብዮርን ሲጉርድሶን እነዚህን በጎች ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ በ1954 ለንደን ላይ ባደረጋቸው ንግግሮች አንድ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ቫይረስ በቀናት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዓመታት ውስጥም በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ሂደቱ ቀርፋፋ ነው፣ ግን አይቆምም፣ መንገዱም አስቀድሞ ሊተነበይ የሚችል ነው። ቀርፋፋ ኢንፌክሽን የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። ለዚህ እውቀት ከመሣሪያ ይልቅ ትዕግሥት ነበር ያስፈለገው። አይጥ በሁለት በሦስት ዓመት ዕድሜዋን ትጨርሳለች። በግ ግን ሳይታመም ለዓመታት ተይዞ ስለሚኖር፣ በሰው ላይ እንደሚታየው ያለ ዝግታ ከእርሱ ሊገኝ ቻለ።

የብግነቱ ምስጢር የተገለጠው ቆይቶ ነው። በ1976 አሜሪካዊው ኒል ናታንሰንና የአይስላንድ ባልደረቦቹ የቪስናን ቫይረስ በበጎች አንጎል ውስጥ ካስገቡ በኋላ፣ ከፊሎቹን የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ሕክምና ሰጧቸው። መከላከያ ሲዳከም ቫይረሱ ይበረታል፣ ጉዳቱም ይከፋል ብሎ መገመት ያስኬዳል። የሆነው ተቃራኒው ነው። መከላከያቸው በተዳከመ በጎች አንጎል ውስጥ ቫይረሱ እንደሌሎቹ ሁሉ ተገኘ፤ ቁስሉ ግን ቀነሰ። ቢያንስ በበሽታው መጀመሪያ ላይ አንጎሉን የሚያበላሸው የወራሪው ኃይል ሳይሆን የተከላካዩ ቁጣ ነው ማለት ነው። በ1985 የኤድስ ቫይረስ የዘር ኮድ ሲነበብ ከቪስና ቫይረስ ጋር እንደሚዛመድ ታወቀ። ቫይረሱ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ወደ አንጎል መግባቱን፣ ብግነት ማስነሣቱን፣ ዓመታት መፍጀቱን ሐኪሞች በሰው ላይ ሲያዩት፣ ከበግ የተማሩት ነገር ስለነበር እንግዳ አልሆነባቸውም።

የዚህ ምስክርነት ንጽሕና ከየት እንደመጣ መመርመር ይገባል። በሽታው የበጉ የራሱ ነው። ማንም አልፈጠረለትም፤ በመንጋ ውስጥ፣ በጋጣ ውስጥ፣ በእናትና በግልገል መካከል በወተትና በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው። የአይስላንድ መንግሥት ለጥናቱ ገንዘብ ያወጣው ስለ ሰው አንጎል ብሎ አይደለም፤ በጎቹ እያለቁበት ስለነበረ ነው። የተመረመረው ታማሚ ራሱ ተጠቃሚ ነበር፤ ለሰው የተረፈው እውቀት ከዚያ የተገኘ ትርፍ ነው። በቤተ ሙከራ ግልገል አንጎል ውስጥ ቫይረስ መውጋት ከዚህ ንጽሕና ትንሽ ይቀንሳል፤ ሆኖም ጥያቄው ያኔም ቢሆን የበጉን ሕመም የሚመለከት ጥያቄ ነበር። በእንስሳ ላይ ከተደረጉ ምርምሮች ሁሉ ምስክሩ የራሱን ጉዳይ የተናገረበት ጥናት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእነዚያም እጅግ ፍሬያማው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የአይስላንድ ታሪክ በሰሜን ሸዋ ሌላ ምዕራፍ አለው። ደብረ ብርሃን ላይ በ1967 የበግ ማራቢያና ማባዣ ማዕከል ተቋቋመ፤ መንዝ ውስጥም የአመድጓያ ማዕከል ተከተለው። የመንዝን በግ ለማሻሻል ሲባል ከውጭ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ገቡ፤ ከእነርሱ መካከል በ1980ዎቹ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ይገኛል። ከአዋሲና ከመንዝ የተገኙት ድቅል አውራ በጎች በክብደትም በሱፍም ስለሚበልጡ ለገበሬዎች ይታደሉ ነበር። ኋላ ማዲ-ቪስና በማራቢያዎቹ መንጋ ውስጥ ታየ። በ2002 በአንድ የጀርመን የእንስሳት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በሽታውን በኢትዮጵያ አዲስ እየተስፋፋ ያለ የበጎች የሳንባ በሽታ ብሎ ገለጸው። በኢትዮጵያ በዋናነት የታወቀው የሳንባው መልክ ነው። የድቅል በጎች ሥርጭት ቆመ፤ የተያዙትም ተወገዱ። በሽታው ከውጭ ከገቡት ዝርያዎች ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል።

በአይስላንድ የታየው እንግዲህ በሸዋ ደጋም ታየ፤ መልክን እያዩ ዝርያ ማሻሻል፣ ጤነኛ የሚመስል እንግዳ በግ፣ ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ ቀርፋፋ በሽታ። የመጀመሪያው በሆነበት ዘመን ስለዚህ ቫይረስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ሲሆን ግን የሲጉርድሶን ንግግር ከታተመ አሥርተ ዓመታት አልፈውት ነበር። በጉ የሰጠው ምስክርነት በዓለም የነርቭና የኤድስ ምርምር መዛግብት ውስጥ ተመዝግቧል፤ ወደ በግ ጋጣ የሚመለሰው ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው።

የበግ አንጎል በኢትዮጵያውያን ዘንድ በሌላ መንገድም ይታወቃል፤ ይህኛው በሽታን ለመከላከል ሲባል ብግነት የተነሣበት ነው። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው አዲስ አበባ ወደሚገኘው፣ ሕዝቡ በቀድሞ ስሙ ፓስተር እያለ ወደሚጠራው የጤና ምርምር ተቋም ይሄድ ነበር። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ለሚመጣ ሰው ይህ የቀናት ጉዞ ነበር፤ እዚያ ደርሶም ሆዱ ላይ፣ እምብርቱ ዙሪያ፣ ለ14 ተከታታይ ቀናት መርፌ ይወጋል። ያ ክትባት ፌርሚ የተባለው ዓይነት ነው፤ ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፌርሚ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያወጣው። አሠራሩ ጨካኝ ነገር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በበግ አንጎል ውስጥ ይወጋል፤ በጉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽባ ይሆናል፤ ከዚያም አንጎሉ ወጥቶ ይፈጫል፣ በፌኖል ቫይረሱ ይዳከማል፣ ለሰው ክትባት ይሆናል። ሌሎች አገሮች ከተዉት በኋላም ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ስትጠቀምበት ቆይታለች። ብዙ ሕይወት አድኗል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነውና ይህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ችግሩ ከክትባቱ ጋር አብሮ የሚገባው የበግ አንጎል ነበር። ነርቮችን እንደ ሽፋን የሚጠቀልለው ማይሊን የተባለው የስብ ልባስ በበግም በሰውም አንጎል ውስጥ አለ፤ ሁለቱ እጅግ ይመሳሰላሉ። የሰውየው መከላከያ የበጉን ማይሊን ባዕድ ብሎ ሲቆጣ፣ የራሱንም ማይሊን ለይቶ ስለማያውቀው ያጠቃል። ከነርቭ ሥጋ የሚሠሩት ክትባቶች ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ከሚሆኑ ተከታቢዎች በአንዱ ላይ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ብግነት ያስነሡ ነበር። ከእነዚህ አንዳንዱ ሽባ ሆኖ ይቀራል፣ አንዳንዱ ይሞታል። ገና በተወለዱ አይጦች አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት በ1950ዎቹ በቺሊ የተፈጠረው ለዚሁ መፍትሔ ነው፤ ገና የተወለደች አይጥ አንጎል ማይሊን የለውም ማለት ይቻላል።

ከዚህ አደጋ የብግነት ምርምር ትልቁ መሣሪያ ተወለደ። ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ቶማስ ሪቨርስና ባልደረቦቹ ጥፋተኛው ቫይረሱ ነው ወይስ አንጎሉ ብለው ጠየቁ። በ1933 ባሳተሙት ሙከራ ቫይረስ የሌለበትን የጤነኛ ጥንቸል አንጎል በጦጣዎች ላይ ደጋግመው ወጉ፤ አንዳንዶቹ ጦጣዎች አንጎላቸው ተቆጣ፣ ማይሊናቸውም ተራቆተ። አንጎል በገዛ ሰውነቱ መከላከያ ሊጠቃ እንደሚችል በሙከራ የታየው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ በጥንቸል፣ በጊኒ ፒግ፣ በአይጥ ላይ ይህንኑ ብግነት ሆን ብሎ ማስነሣት መልቲፕል ስክለሮሲስን የማጥኛ ዋና መንገድ ሆነ። ዛሬ ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ግላቲራመርና ናታሊዙማብ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ይኸው ምስክር ግን አሳስቷልም። ብግነት ከሚያቀጣጥሉት የሰውነት ኬሚካሎች አንዱ ቲ.ኤን.ኤፍ. ነው። እርሱን መግታት በአይጦች ላይ የተነሣውን ብግነት አስታገሠ። በ1999 ውጤቱ የታተመውና ሌነርሴፕት የተባለውን መድኃኒት በሰዎች ላይ የፈተነው ጥናት ግን መድኃኒቱ የሕመሙን ግርሻ እንዳባሰ አሳየ። የአይጧ ብግነት በመርፌ የተጀመረ፣ ቀኑ የታወቀ፣ ምክንያቱ አንድ የሆነ ነው። የሰው መልቲፕል ስክለሮሲስ መቼና በምን እንደተጀመረ አይታወቅም። አይጧ ስለ ራሷ ብግነት የተናገረችው እውነት ነው፤ ስህተቱ የእርሷን ቃል የሌላ ጉዳይ ማስረጃ ማድረግ ነው።

ጓያ ይህንኑ በተገላቢጦሽ ያሳያል። ጓያ በደጋው ግርጌና በወይናደጋው ጥቁር አፈር ላይ፣ ክረምት ሲወጣ በቀረው እርጥበት የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። ውሃ ሲተኛበትም ሲደርቅም ይችላል። ሌላው ሰብል ሲከስም እርሱ ስለሚቀር በችግር ዘመን የድኻ ምግብ ይሆናል፤ ብዙ ወር ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ደግሞ ሰውን በተለይም ወጣት ወንዶችን ከወገብ በታች ሽባ ያደርጋል። በኢትዮጵያ በሽታውን በስፋት ያጠኑት የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለሃይማኖት ሲሆኑ፣ በ1990 ያሳተሙት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥናት በሽታው ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበር ለዓለም አሳየ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ሲነሣ ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ የተጎጂዎቹን የአመጋገብ ልማድ አጠኑ። ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ መብላት አደጋውን ሲጨምር፣ ከእህል ጋር ቀላቅሎና ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የመሳሰሉትን ጨምሮ መመገብ እንደሚቀንሰው ተገነዘቡ።

መርዙ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ መሆኑ በ1964 በሕንድ ተለይቷል። የነርቭ ሕዋስን ያለልክ እያነቃቃ ይገድለዋል። እንግዲህ ምክንያቱ የታወቀ፣ መርዙ በጠርሙስ የተያዘ በሽታ ነው፤ እንስሳ ሊመሰክርለት የሚቀል ይመስላል። አልቀለለም። የአንድ ቀን ጫጩት ኦዳፕ ሲወጋ አንገቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ግን የሰዓታት ነገር እንጂ የጓያ በሽታ አይደለም። ባደጉ እንስሳት ላይ መርዙ ብዙም አይሠራም። በ1986 ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ ጦጣዎችን ለወራት ጓያና ኦዳፕ መገቡ፤ የእግር መወጣጠርና መንቀጥቀጥ ታየባቸው፣ ዘላቂው ሽባነት ግን አልመጣም። ጦጣዎቹ በደንብ የተመገቡ ነበሩ።

ቆይቶ በጃፓን ኩኒኮ ኩሳማ-ኤጉቺና ባልደረቦቿ በአይጥ ግልገሎች ላይ ሞከሩ። ገና የተወለዱ ግልገሎች ቆዳ ሥር ኦዳፕ ሲወጋ ከእግር ሽባነት የሚደርሱት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ግልገሎቹ በየቀኑ ለሰዓታት ከእናታቸው ሲለዩ ግን የሽባዎቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ በታችኛው ኅብለ ሰረሰራቸው ደም ፈሰሰ፣ ጡንቻን የሚያዙት ትልልቅ ሕዋሳትም ሞቱ። መርዙ ብቻውን በሽታውን እምብዛም አላመጣም፤ ጭንቀት መታከል ነበረበት። ይህ ውጤት በፍልስፍና ዓይን ሲታይ ከሁሉ የሚከብደው ነው። እንስሳዋ የረሃብ ዘመንን ሰው እንድትመስል የሰውየው ኬሚካል አልበቃትም፤ የሰውየው መከራም ሊጨመርላት ይገባ ነበር። እንዲህም ሆኖ ምስክርነቱ ሙሉ አይደለም። በሰው ላይ ዋናው ጉዳት ከአንጎል ወደ ታች በሚወርዱት ረጃጅም ነርቮች ላይ ነው፤ በግልገሎቹ ላይ የሞቱት የኅብለ ሰረሰሩ ሕዋሳት ናቸው።

የምስክርነትና የስቃይ አያዎ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ምቾት ያለው፣ ጠግቦ ያደረ፣ በሽታ የማያውቅ እንስሳ ስለ ድኻ ገበሬ ሕመም የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቅ እንዲሆን ከተፈለገ ድህነቱን ማካፈል ያስፈልጋል። ከጥንቃቄ ሁሉ በኋላ ሊቀር የማይችል ስቃይ እንዲህ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ስቃዩ የእውቀቱ አካል እንጂ የሥራው እንከን አይደለም።

ቤተ ሙከራው ራሱ ይህን ከሌላ አቅጣጫ እየደረሰበት ነው። የሙከራ አይጦች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ የተዳቀሉ፣ ከጀርም በተጠበቀ ሳጥን የሚኖሩ ናቸው። በ2016 በአሜሪካ ሚኒሶታ የተደረገ ጥናት የእነዚህ አይጦች መከላከያ ከጎልማሳ ሰው ይልቅ አዲስ የተወለደ ሕፃንን እንደሚመስል፣ በእንስሳት መሸጫ ሱቅ ካደጉ አይጦች ጋር ሲኖሩ ግን የጎልማሳን እንደሚመስል አሳየ። በጋጣ ከእናቱ ጋር የሚያድር፣ በሆዱ ጥገኛ ትል የሚሸከም፣ ብርድና ረሃብ የሚያውቅ የመንዝ በግ መከላከያው ጎልማሳ ነው። ብግነት የሕይወት ታሪክ ያለው ነገር ስለሆነ ታሪክ የሌለው አካል ሙሉ ምስክርነት ሊሰጥ አይችልም።

በኤ.ኤል.ኤስ. ላይ የሆነው ደግሞ የሚያሳዝን ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣ የሰው ዘረ መል የተጨመረላቸው አይጦች በ1994 ከተፈጠሩ በኋላ፣ ማይክሮግሊያን ያበርዳል የተባለው ሚኖሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ዕድሜያቸውን እንዳራዘመ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ተዘገበ። 412 ሕመምተኞች በተሳተፉበትና በ2007 በታተመው ጥናት ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ከሌሎቹ በ25 በመቶ ፈጥነው ደከሙ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የአሜሪካ ተቋም በአይጦቹ ላይ ተስፋ ሰጥተው የነበሩትን ጨምሮ ከ70 በላይ ውሁዶችን በብዙ አይጦች፣ በጥንቃቄ ደግሞ ፈተናቸው። ሚኖሳይክሊንን ጨምሮ አንዱም አልሠራም። እንግዲህ አይጧ መጀመሪያውኑ መድኃኒቱ ይሠራል አላለችም፤ ጥቂት አይጦችን ይዘው፣ ወንዱን ከሴቷ ሳይለዩ፣ የወደዱትን ውጤት እየመረጡ የሰሙት ተመራማሪዎች ናቸው። የባከኑት አይጦች ብቻ አይደሉም፤ በሙከራው ጊዜ ሕመማቸው የባሰባቸው ሰዎችም አሉ።

የእንስሳ ምርምርን ሥነ ምግባር የሚገዛው ሕግ የሚመነጨው ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። በሌላ መተካት የሚቻለውን ተካ፤ ቁጥሩን ቀንስ፤ ስቃዩን አቅልል ይላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ሆኖም የእንስሳቱን ቁጥርና ስቃይ ሲለካ የምስክርነቱን ዋጋ አይለካም። ሦስቱንም ጠብቆ የተደረገ፣ መልስ ሊሰጥ የማይችል ጥያቄ የጠየቀ ሙከራ፣ እንስሳውን በከንቱ ገድሏል። በደጋው ልማድ በግ የሚያርድ ሰው በስመ አብ ብሎ፣ ለምን ቀን እንደሚያርድ አውቆ ነው የሚያርደው፤ ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይነጠፋል። ከዚህ ጋር ሲተያይ አላማው ያልጠራ ሙከራ የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ ተመራማሪ ከስቃዩ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ እንስሳው የሚናገረው ስለ ማን ሕመም ነው? ስለ ራሱ ከሆነ ቃሉ ይታመናል። ስለ ሰው ከሆነ፣ ከሰውየው ሕይወት ምን ያህሉን እንደተካፈለ መጠየቅ ግድ ነው።

ለሰው የሚሻለው መልስ አንዳንድ ጊዜ ከእንስሳ ሳይሆን ከሰው ይመጣል። በማይክሮግሊያ ውስጥ የሚሠራው ትሬም-2 የተባለ ዘረ መል ሲዛባ የአልዛይመርን ዕድል እንደሚጨምር በ2013 የታወቀው በአይስላንድ ሕዝብ የዘር መዝገብ ነው፤ በአልዛይመር ብግነት ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ካመለከቱት ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው። የጓያን በሽታ በተመለከተም ገበሬው በምን አበሳሰል ቢበላው እንደሚሻል የተነገረው ከጦጣ ሳይሆን በደላንታ ዳውንት ቤት ለቤት ከተጠየቁ ሰዎች ነው። የእንስሳ ምርምር ይቁም የሚያሰኝ ማስረጃ ግን ይህ አይደለም፤ ቪስናን ያለ በግ፣ የክትባቱን ብግነት መንስኤ ያለ ጦጣ ማንም አያውቀውም ነበር። ማስረጃው የሚለው ምስክር ሲጠራ ጉዳዩ የእርሱ መሆኑ ይረጋገጥ ነው።

የመንዝ በግ ጉዳዩ የራሱ ነው። ከ2009 ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አርሶ አደሮች ከራሳቸው መንጋ ምርጥ አውራ በግ እየመረጡ በጋራ ያራባሉ፤ ይህ ከውጭ የሚመጣ በሽታን ለመከላከልም ይረዳል። ለማዲ-ቪስና፣ ስለ ሰው አንጎል ብግነት ይህን ያህል ካስተማረም በኋላ፣ እስከ ዛሬ ክትባትም መድኃኒትም የለውም። ያለው የደም ምርመራ ነው፤ አውራ በግ ከመንጋ ወደ መንጋ ከመዘዋወሩ በፊት ሊደረግለት ይገባል።